ከኮምፒውተሩ ጀርባ የሚወጣ ሙቀት

ሰው ከገዛው ዕቃ የሚያውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነው። ዕቃው ሌላም ይችል ይሆናል፤ እስኪቸግረን ድረስ አንጠይቀውም እንጂ። የእኔ ኮምፒውተር ለምሳሌ ከጀርባው ሞቃት አየር ይተፋል። ብርዳሙ ደሴ ቢሆን ይመሰገን ነበር። እንደ ምድጃ በሚሞቀው ከሚሴ ላይ ግን፣ እስቲ እናንተው ፍረዱ፣ የሙቀት ትርፍ ምን ይሠራል? ስለዚህ መናኸሪያው አጠገብ በነበረችኝ የጽሕፈት ሱቅ፣ ጀርባውን ወደ ግድግዳ አዙሬ ዓመታት ስረግመው ኖሬያለሁ።

አንድ የክረምት ከሰዓት፣ ዶፉ ሲወርድ፣ ዘሃራ የሚባሉ እናት ከጨፋ ሮቢት መጡ። ልጃቸውን ወባ ስለጣላት ኮሌጅ ሊያስመዘግቧት የመጡት እሳቸው ናቸው። ምዝገባው የሚዘጋው በዚያው ቀን ነው። የልጅቷን የፈተና ውጤት የያዙበት ፌስታል ተቀዶ ኖሮ፣ ወረቀቱ ከነእጥፉ ርሶ ተጣብቋል።

«ኮፒ አንሳልኝ፤ ዋናውንም ኮፒውንም አምጪ ብለውኛል» አሉ።

«እናቴ፣ እንዲህ እንደራሰ ማሽኑ ውስጥ ከገባ ተቦጫጭቆ ነው የሚወጣው።»

«እንግዲያ ከሰል ላይ ልያዘው?»

ከሰል ሲሉ ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀበልኩ። ያን ጊዜ ነው የኮምፒውተሩ ጀርባ ትዝ ያለኝ። ከግድግዳው አላቅቄ አዞርኩት። ሥራ ካልበዛበት ትንፋሹ ለብ ከማለት አያልፍም፤ ስለዚህ ሳልጨርሰው የቆየሁትን የሠርግ ቪዲዮ እንዲያቀናብር አዘዝኩት። ሙሽሮቹ ሲጨፍሩ ማሽኑ ማጓራት ጀመረ፣ ሙቀቱም መጣ። ወረቀቱን ማስመሪያ ላይ አንጠልጥዬ ያዝኩት። የዘሃራ ከንፈር በዱዓ ይንቀሳቀሳል። መብራቱ አንዴ ድርግም ሊል ሲቃጣው ሁለታችንም ትንፋሻችንን ዋጥን።

አልጠፋም።

እጥፉ ቀስ በቀስ ለቀቀ። ስሟ ታየ፣ ውጤቷ ታየ። ማኅተሙ ፈዟል፤ ግን ይነበባል። ኮፒ አንስቼ ዋናውንም ኮፒውንም እንደሰጠኋቸው በባጃጅ ወደ ኮሌጁ ከነፉ። እኔ ሥራ አልያዝ ብሎኝ በሩ ላይ ቀረሁ።

ሲመለሱ ፊታቸው በራ ብሏል። «ተመዘገበች፣ አልሃምዱሊላህ» ብለው ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። ያን ሁሉ ጊዜ ቆሜ እንደነበር ያወቅሁት እኔም ስቀመጥ ነው። «ገለቶሚ ልጄ» ብለው በኦሮምኛ አመሰገኑኝ፤ ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረው «አንተም» አሉት።

በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ የራሰ የመሬት ደብተር ይዘው ከሰንበቴ መጡ።

«የወረቀት ማድረቂያው ቤት ይህ ነው?»

ስንት ዓመት የለፋሁበትን የጽሕፈት ሙያ ያነሳ ሰው የለም።

«አዎ አባባ፣ ይግቡ» አልኳቸው። ምን እላለሁ?