የሻምበል ሳጥን

አትላንታ ውስጥ ተደብቆ ማግባት ይቻላል፤ ተደብቆ መፋታትም ይቻላል። ተደብቆ አገር ቤት መሄድ ግን አይቻልም። ቲኬት የቆረጣችሁ ለታ ወሬው ከከተማው ዳር ታከር ይሰማል፣ በማግስቱ ስኔልቪል ይደርሳል፣ ሳምንት ሳይሞላ ኬኔሶ ያለች የማታውቋት ሴት ደውላ "ትንሽዬ ነገር ናት፣ ቦታ አትይዝም" ትላችኋለች። ያቺ ቦታ የማትይዝ ነገር ስትመጣ ሁለት ሰው ተሸክሟት ነው። መቼም ደርሶባችኋል፤ ካልደረሰባችሁም አድርሳችኋል።

ጎረቤቴ ጋሽ በላይነህ ጠቅልለው ሊገቡ ነው ሲባልም እንደዚያው ሆነ። ጋሽ በላይነህ የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ባለቤታቸውን ቀብረዋል፤ ልጅ የላቸውም። አዲስ አበባ ወላጆቻቸው የተዉላቸው ቤት አለ። ቤት ብቻ፤ ሰው የለበትም።

"እዚያ በሬን የሚያንኳኳ ማን አለኝ? ያለኝ ይሄ ነው" ይሉና ሻምበልን ያሳዩኛል። ሻምበል ውሻቸው ነው። ያለ እሱ ንቅንቅ አልልም ብለዋል።

ውሻ ድንበር ማሻገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኔ በዲቪ ስመጣ ያን ያህል አልተጠየቅሁም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስረጃ፣ ቆዳው ሥር የሚገባ ቺፕ፣ የሐኪም የጤና ወረቀት፣ በሐኪሙ ወረቀት ላይ ደግሞ የመንግሥት ማህተም፣ ከአዲስ አበባ የመግቢያ ፈቃድ። የጤና ወረቀቱ ቀድሞ ከወጣ ጊዜው ያልፍበታል፣ ከዘገየ አውሮፕላኑ ያመልጣል። የአገሬን ሰው የማመሰግነው እዚህ ላይ ነው። አንዲት ነርስ ከሥራ መልስ እየደወለች "ጋሽዬ፣ የሐኪሙን አፖይንትመንት ሪስኬጁል አድርጌ ቀኑን አዛውሬዋለሁ፣ እርስዎ አይጨነቁ" ትላቸው ነበር። ፈቃዱን የአንድ ታክሲ ነጂ እህት አዲስ አበባ ተሰልፋ አወጣች። ውሻ ከነካቸው ቀሚሳቸውን የሚያጥቡት እትዬ ዘነበች እንኳ ሻምበልን ለክትባት ወስደውታል። እርግጥ የመኪናቸውን ወንበር በፌስታል ሸፍነው ነው።

ወረቀቱ አለቀ፤ የጋሽ በላይነህ ሻንጣም በሰው እቃ ጢም አለ። የሻምበል ሳጥን ግን ሰፊ ነበር፤ ደንቡ ውሻው ቆሞ መዞር አለበት ስለሚል ትልቁን ነው የገዛነው። ትልቅ ሳጥን ግማሹ ባዶ ሆኖ አገር ቤት ሲሄድ ቆሞ ማየት ደግሞ እኛ አልለመደብንም።

"ውሻ ምን ሻንጣ አለው? የእሱ ድርሻ ለምን ይባክናል?" አሉ እትዬ ዘነበች።

አሳማኝ ነበር። ጫማው፣ ሽቶው፣ የሕፃን ወተቱ፣ ለእናቴ የገዛሁት ቫይታሚን ሁሉ ከታች ተደለደለ። በላዩ ላይ እትዬ ዘነበች ለእህታቸው የላኩት አዲስ ብርድ ልብስ ተነጠፈ። ሻምበል ገብቶ ሲቆም ጆሮው ጣሪያ ነካ። "ይተኛበት፣ መንገዱ ረጅም ነው" አልን።

ኤርፖርት ሊሸኝ የመጣው ሰው ብዛት ሙሽራ የምንሸኝ ያስመስል ነበር። የቲኬት ሠራተኛዋ ወረቀቱን አይታ ረካች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሳጥኑን አየች።

"ይሄ ውሻ መቆም አይችልም። እንዲህ ሆኖ አይበርም።"

ጋሽ በላይነህ ፓስፖርታቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። "በሉ ወደ ቤት ውሰዱኝ" አሉ፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ።

ቀድመው የተንበረከኩት ማን ይመስላችኋል? እትዬ ዘነበች። ሻምበልን በገዛ እጃቸው አቅፈው አወጡት፤ እሱም ፊታቸውን ላሳቸው፤ ቀሚሱ ተረሳ። ከዚያ እቃው ይወጣ ጀመር። ጫማ የላከ ጫማውን፣ ሽቶ የላከ ሽቶውን ታቀፈ፤ አንድም ሰው አላጉረመረመም። ሠራተኛዋ ለመኝታ የፈቀደችው ብርድ ልብሱን ብቻ ነው። ሻምበል ተመልሶ ገባ፤ ቆመ፣ ዞረ፣ ተኛ። ጋሽ በላይነህ አለቀሱ፤ እኛም ቫይታሚናችንን ታቅፈን አብረን አለቀስን። እንደዚህ ካለ ሰው ጋር ስላኖረኝ ፈጣሪን አመሰገንሁ።

በግርግሩ ግን አንድ ነገር ረሳን። እቃው ከሳጥኑ የወጣብን ሁሉ አዲስ አበባ ላለው ዘመዳችን የጋሽ በላይነህን ቤት ነግረን፣ ሄዳችሁ እቃችሁን ተቀበሉ ብለን ነበር። ቀርቷል ብሎ መልሶ የደወለ የለም።

ትዝ ሲለኝ ሐፍረት ገደለኝና ደወልኩላቸው። ከበስተጀርባ የሰው ሁካታ ይሰማል።

"ያልመጣ ሰው የለም" አሉኝ ጋሽ በላይነህ። "የሻንጣውን እቃ ለየባለቤቱ ሰጥቻለሁ። የሳጥኑን ሊወስዱ የመጡት ምንም የለም ስላቸው መጀመሪያ ይከፋቸዋል፤ ከዚያ የሳጥኑን ነገር ሳጫውታቸው ስቀው ይቀመጣሉ። እናትህ ተመላልሰው መጥተዋል። የዘነበች እህት ብርድ ልብሷን ልትወስድ ብትመጣ ሻምበል አልነሳም አላት፤ ይኸው እሁድ እሁድ ልትጠይቀው ትመጣለች።"

"ይቅርታ ጋሽዬ፣ ሰው ሲገኝ እቃውን እንልካለን።"

"ኧረ ተው፣ እንዳትልኩ!" አሉ ደንገጥ ብለው። "ልከናል ብቻ በሏቸው።"