የእትዬ ድገሙት የሳምንት ፎቶ

አንገቴ አልዞር ብሎኝ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ሄጄ፣ አንድ እግሬን ከበሩ አስገብቼ ሌላውን ሳላስከትል «እዚያው ቁም» የሚል ትእዛዝ ደረሰኝ። ቆምኩ። ድምፁን አውቀዋለሁ። በምኖርበት ሕንፃ ያንን ድምፅ ሰምቶ የማይቆም ፍጥረት የለም፤ ድመቶቹም ይቆማሉ። በተራ ጠባቂዎቹ መካከል ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው የያዙት የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ፣ ክብርት እትዬ ድገሙት ነበሩ።

«ስትገባ አንገትህን እንደ ተሰበረ ዕቃ ደግፈህ ነበር፤ በጣም ያምር ነበር። ወጥተህ ግባ እስቲ» አሉኝ።

ታምሜ የመጣሁ ሰው ነኝ ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን ወጥቼ ገባሁ። ከኋላዬ ከዘራውን ተደግፎ የመጣ የማላውቀው ሽማግሌም፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ አብሮኝ ወጥቶ ገባ።

በየቤተሰቡና በየመሥሪያ ቤቱ፣ አንድ ነገር ፎቶ ካልተነሣ ተደርጓል ብሎ የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። አጋዘን ያመለጠው አዳኝ የገዛ እጁን ይረግማል። እነዚህ ሰዎች ግን አጋዘኑን «ተመለስ፣ እንደ ቅድሙ ሆነህ እለፍ» ይሉታል። ይህ ብቻ ቢሆን ባልገረመኝ፤ የሚገርመው አጋዘኑ መመለሱ ነው።

የወጥ ቤታቸው ቧንቧ ፈንድቶ የነበረ ጊዜ፣ ቧንቧ ሠራተኛው ጠግኖ፣ እጁን አድርቆ፣ ዕቃውን ከረጢቱ ውስጥ ከከተተ በኋላ፣ ውሃው ፊቱ ላይ ሲረጭ ፎቶ ማንሣቱ እንዳመለጣቸው ነገሩት። ትንሽ ብቻ ፈታ እንዲያደርገው ለመኑት። ጎልማሳ ነው፣ ሙያውን ያውቃል፣ ግን ፈታው። ውሃው ወለሉን አልፎ በእኔ ኮርኒስ በኩል መጣ። ሸሚዜ ደረቴ ላይ ተለጥፎ፣ የምናገረውን በየደረጃው እያዘጋጀሁ ወጥቼ በራቸውን ሳንኳኳ፣ «እሰይ፣ መጣህልኝ፤ እንደዚሁ ሆነህ በሩ ላይ ቁም» አሉኝ። የዚያ ሳምንት ፎቷቸው እኔ ነኝ። ርእሱ «ጎረቤትና ውሃ» ይላል።

በጸሐፊነት ይሠሩበት በነበረው መሥሪያ ቤት አለቃቸው ጡረታ ሲወጡ የሆነውንም ሰምቻለሁ። አለቅየው በስንብታቸው ቀን፣ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እትዬ ድገሙት ስልካቸውን ሲከፍቱ አመለጠቻቸው። «ጌታዬ፣ እንባዋን አንዴ ብቻ» አሉ። አለቅየው በቅን ልቦና ሞከሩ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ግንባራቸውን አኮማተሩ። እንባዋ የለችም። በመጨረሻ ራሳቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው በሳቅ ፈረሱ። ጥርሳቸውን አይቶ የማያውቅ ሠራተኛ ሁሉ አብሯቸው ሳቀ። ያ ፎቶ ዛሬ በአለቅየው ሳሎን ተሰቅሏል ይባላል። የእትዬ ድገሙት የልጅ ልጅማ የልደቷን ሻማ እፍ ካለች በኋላ «ድገሚው» ካልተባለች ልደቷ ያለፈ አይመስላትም፤ ራሷ ክብሪቱን ታቀብላለች።

ይህ ሁሉ ድካም የሚደክመው ለአንድ ማኅበር ነው። አባላቱ በስልክ የምንገናኝ ፎቶ ወዳዶች ነን፤ እኔን ከውሃው ጉዳይ በኋላ እንደ ካሣ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ሥራችን ቀላል ነው። እያንዳንዱ አባል በሳምንት አንድ ፎቶ ያነሣል፤ ከዚያ እንደ ድሮ አልበም ገጽ ያበጃጀዋል፤ ወረቀቱ፣ ሙጫው፣ መቀሱ፣ የሚለጠፈው አበባ ሁሉ ስልክ ውስጥ ነው። ከሥር አንድ ሁለት መስመር ይጽፍና እሑድ ማታ ለሁላችን ይልካል። የድሮ ፎቶ ማምጣት አይፈቀድም፤ ሳምንት መዝለልም ነውር ነው።

ሕጉን የሚጠብቁት ጡረታ የወጡ ኦዲተር ናቸው። እሳቸው በየሳምንቱ የሚያነሡት ያንኑ በመስኮታቸው ላይ የተቀመጠ አበባ ነው። ከእትዬ ድገሙት ጋር እሳትና ጭድ ናቸው። አንድ እሑድ፣ ሰው ወጥቶ እንዲገባ እየታዘዘ የሚነሣ ፎቶ ቲያትር እንጂ ፎቶ አይደለም ብለው ጻፉ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ «ያንተ አበባ ስለማይንቀሳቀስ ነው እውነተኛ የመሰለህ።» ኦዲተሩ ለሦስት እሑድ አበባቸውን ያለ አንዳች ቃል ላኩ።

የእትዬ ድገሙት ባለቤት፣ ጋሼ ሹፌሩ፣ ዕድሜያቸውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ቁም ሲባሉ መቆም፣ ሂድ ሲባሉ መሄድ ሥራቸው ስለነበር፣ በዚያ ቤት ውስጥ ያለ ቅሬታ የኖሩት በዚህ ይመስለኛል። ፎቶ በተነሣ ቁጥር የጠረጴዛ መብራቱን ከፍ አድርገው የሚይዙት እሳቸው ነበሩ። «እኔ ፌርማታ ነኝ፤ እሷ ትመጣለች፣ ትቆማለች፣ ትሄዳለች» ይሉ ነበር።

አንድ ጠዋት ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አለ። ስትሮክ ነው ተባለ። የማኅበሩ ሰው ሁሉ እትዬ ድገሙት ከእንግዲህ ፎቶውን ይተዉታል ብሎ አዘነ፤ ልብስ ሰፊዋ አባላችን ሕጉ ለጊዜው እንዲላላላቸው ሐሳብ አቀረበች። እሑድ ማታ ግን ገጹ በሰዓቱ መጣ። የሆስፒታል አልጋ ራስጌ ላይ የተሰቀለ የሹፌር ቆብ ነበር። ምንም አበባ አልተለጠፈበትም።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የምንጠብቀው የእሳቸውን ገጽ ሆነ። አንድ ሳምንት ማንኪያ የያዘ እጅ። ሌላ ሳምንት ተንሻፎ የታሰረ የጫማ ክር። ደግሞ አንድ ሳምንት ልብስ ሰፊዋን ያስለቀሰ፣ በተሳሳተ ቀዳዳ የገባ የሸሚዝ ቁልፍ። ኦዲተሩ ስለ ሰው ፎቶ ደግ ቃል ጽፈው የማያውቁት፣ ከቁልፉ ሥር «ሰውዬው ጎብዟል» ብለው ጻፉ። ጥቂት ቆይቶ እትዬ ድገሙት አንድ ገጽ አስቀድመው ሠርተው አሳዩን። ጥጉ በአውቶቡስ ትኬት ሥዕል ተከቧል፣ «ብቻውን» የሚል ርእስ አለው፣ መሐሉ ግን ባዶ ነው። ጋሼ ሳይደገፉ የሚራመዱባት ቀን ፎቶ እዚያ ትገባለች። ኦዲተሩ በየሳምንቱ ለብቻዬ ይደውሉና፣ ስለ ሌላ ነገር ጥቂት አውርተው፣ ያቺ ባዶ ቦታ እንዴት እንደሆነች ይጠይቁኝ ነበር።

እንግዲህ ክሊኒኩ ውስጥ ያገኘኋቸው በዚህ መሐል ነው። እኔን አስወጥተው ካስገቡኝ በኋላ፣ ለሕክምና ያመጧቸውን ጋሼን ወደ እንቅስቃሴ ማሠሪያው ክፍል ይዘው ገቡ፤ እኔም አንገቴን እንደያዝኩ ተከተልኩ። በወገብ ቁመት የተዘረጉ ሁለት የመደገፊያ ብረቶች አሉ። ጋሼ በመካከላቸው ቆመው ክንዳቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ፣ ያወርዳሉ። እትዬ ድገሙት ስልካቸውን አስተካክለው አነሡና ፊታቸውን አጨፈገጉ። «ደብዝዟል። ድገመው።» ደገሙት። «አሁን ደግሞ መብራቱ። ድገመው።» ደገሙት። «ዓይንህን ጨፈንክ። ድገመው።»

አጠገቤ የቆመችው ወጣት ባለሙያ ፈገግ አለች። የሌሎቹ ቤተሰቦች በሽተኛው ትንሽ ሲያልበው በቃ፣ ይረፍ እያሉ እንደሚያስቸግሯት፣ እሳቸው ግን ግማሹን ሥራዋን እንደሚሠሩላት ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ፎቶው እኮ አንድም ቀን ደብዝዞ አያውቅም። በኋላ አሳይተውኛል፤ የመጀመሪያው ሁልጊዜ ጥሩ ነው» አለችኝ።

አንገቴ እንደማይዞር ረስቼ ወደ እሳቸው ዞርኩ። አመመኝ። እኚያ የፈረደበትን ቧንቧ ሠራተኛ ያስጨነቁ፣ የአለቃ እንባ እንዲደገም ያዘዙ ሴትዮ፣ ስልኩን እንደ ጋሻ ፊታቸው ላይ ደቅነው ከኋላው ይዋሻሉ። ያ ዕድሜ ልክ ስንሸሸው የኖርነው «ድገመው» የሚል ቃል ለካ ለዚህ ቀን ሲሳል ኖሯል። 

ባለሙያዋ ወደ ጋሼ ሄደች። ዛሬ ብረቱን ለቀው እንዲሞክሩ በለሆሳስ ነገረቻቸው። ባለ ከዘራው ሽማግሌ እንኳ በሩ ላይ መጥቶ ቆሟል። እትዬ ድገሙት ጥቂት ርቀው ቆሙና ስልኩን አነሡ። የዚያን ሁሉ ሳምንት ባዶ ቦታ የሚሞላው ይህ ነው። ጋሼ አንድ እጃቸውን ለቀቁ። ሌላውንም ለቀቁ። ቀኝ እግራቸው እንደ ወትሮው ቀደመ። ግራው፣ ያ እምቢተኛው፣ ተጎተተ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ከወለሉ ተነሥቶ ሄዶ ፊት አረፈ።

እትዬ ድገሙት ፎቶውን አላነሡም። ስልኩ ከእጃቸው ወደቀ፤ ወለሉ ላይ ሲጮህ ዞረው እንኳ አላዩትም። ሁለት ክንዳቸውን ዘርግተው ሄዱና ባላቸውን ተቀበሉ።

 መጀመሪያ የተናገሩት ጋሼ ናቸው። ምላሳቸው ገና አልተፈታም፤ ከሚስታቸው ትከሻ በላይ የወደቀውን ስልክ አይተው፣ «አ...መለጠሽ? ል...ድገመው?» አሉ።

«የለም» አሉ እትዬ ድገሙት። «ተቀመጥ። ደክሞሃል።»

«ተቀመጥ» የሚለውን ቃል ከአፋቸው እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አመሻሹ ላይ ከክሊኒኩ በር ስንለያይ፣ ጋሼን ታክሲው ውስጥ አስቀምጠው የጃኬታቸውን ቁልፍ ሲቆልፉላቸው፣ የደበቅኩትን አወጣሁ። በዚያች ቅጽበት፣ እጄ በራሱ ጊዜ፣ አንድ ፎቶ አንሥቼ ነበር። እትዬ ድገሙት መነጽራቸውን አድርገው ስልኬን ወደ ብርሃን አዞሩት። የጋሼ ፊት፣ በብዙ ሰው መካከል ስሙን ሲጠሩት እንደ ሰማ ሰው ነው። የእትዬ ክንድ ተዘርግቷል። ስልኩ ገና አየር ላይ ነው። ብዙ አዩት፤ ከዚያ የአዋቂነት ፊታቸው ተመለሰ።

«እግሩ የለም እኮ» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ፎቶዬ ከጉልበት በታች ተቆርጧል። የመጀመሪያውን እርምጃ አንሥቼ እርምጃውን ትቼዋለሁ። አፈርኩ፤ ከማፈሬም ብዛት ያ ቃል ከአፌ አመለጠ። ጋሼ ትንሽ ካረፉ በኋላ፣ ነገም ቢሆን፣ አንዴ ቢደግሙት፣ እኔ ዝቅ ብዬ እንደማነሣው ነገርኳቸው።

እሳት ሊነካ እንደተጠጋ ልጅ አዩኝ። ፎቶዋን እንዳለች እንድልክላቸው፣ ባዶው ቦታ ላይ የምትገባው እሷው እንደሆነች ነገሩኝ። ኦዲተሩ ትዝ አሉኝ። «ብቻውን» በሚል ገጽ ላይ ሰውዬውን ከተዘረጋ የሚስቱ ክንድ ጋር፣ ያውም ያለ እግር ሲያዩት ዝም እንደማይሉ፣ እሑድ ማታ መጀመሪያ የሚደውሉትም ለእኔ እንደሆነ አስረዳሁ።

እትዬ ድገሙት ታክሲው ውስጥ ገብተው ከባላቸው አጠገብ ተቀመጡ። መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«እግሩ የታለ ካለህ» አሉኝ፣ «ሚስቱ አይታዋለች በለው።»