ጋሼ ተፈራ የዋጡት ባሕር

እዚህ ለንደን ሐበሻ ለሐበሻ የሚያነሣው ጥያቄ ብዙ ነው፤ «ልጅህ ምን ትሠራለች?» የሚለውን ያህል አስጨናቂ ግን የለም። ነርስ ናት ብትሉ ትመረቃላችሁ፤ አካውንታንት ናት ብትሉ ይቀናባችኋል። እኔ እውነቱን ተናግሬ «መስል ትመረምራለች» ስል ግን ሰዉ ምስር ይመስለዋል። «ለምስር ይሄን ሁሉ ዓመት ዩኒቨርሲቲ?» ያሉኝ አሉ።

መስል ምስር አይደለም። በጥቁር ዛጎል ተከድኖ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር ፍጡር ነው። ምግቡን ፍለጋ ውሃውን እየማገ ሲያጣራ ይውላል፤ ቆሻሻው ሥጋው ውስጥ ይቀራል። ልጄ ሄለንና ባልደረቦቿ በመረብ አድርገው ባሕር ውስጥ ያንጠለጥሉታል፤ ቆይተው አውጥተው ይመረምሩታል። ውሃው ተበክሎ እንደሆነ እሱ ያሳብቃል።

የዌምብሊው ጋሼ ተፈራ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተጨማደደ። «ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ርኩስ? ምነው ዝም አልካት?» አሉኝ። አትበላውም ብዬ ብምልም አላመኑኝም።

እኚሁ ጋሼ፣ ሐኪም ለጉልበታቸው ዋና ስላዘዘላቸው፣ በበጋ ቅዳሜ ቅዳሜ በባቡር ወደ ባሕር ይወርዳሉ። አንድ ቅዳሜ ማዕበል ገፍትሯቸው ውሃውን ጠጥተውት ተመለሱ። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ አንዱ፣ «ከዝናቡ ወዲህ እኮ የሽንት ቤት ፍሳሽ ባሕር ውስጥ ለቀዋል» አላቸው። ሆዳቸው እዚያው ይቆርጣቸው ጀመር። ደወሉልኝ።

«ያቺ ልጅ አለች?»

ሄለን ስልኩን ተቀበለችኝ። የዋኙበትን ቦታ ጠየቀቻቸውና «እዛ ጋ መስሎች አሉን፣ ጋሼ። ሳምፕሉ ላብራቶሪ ገብቷል፤ ውጤቱ እንደደረሰ ቼክ አድርጌ እነግርዎታለሁ። ትኩሳት ከመጣ ግን ሐኪም ጋ ይደውሉ» አለቻቸው።

አጥሚት ይዤ ሄድኩ። ክሮይደን ከኢሚግሬሽን ቢሮ ስወጣ ተቀብለው ቤታቸው ያስጠጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ዘመድ አላውቅም ነበር። አልጋቸው ላይ ሆነው የጓሮ ጎመናቸውን አደራ ሲሉኝ ሳቅኩ። ሆዴ ግን አልሳቀም።

በማግስቱም አጥሚት ይዤ እዚያው ሳለሁ ሄለን ደወለች፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፈቱት። «ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ መስሎቹ ንጹሕ ናቸው! ፍሳሹ የተለቀቀው ሌላ ዳርቻ ነው።»

«ንጹሕ?» አሉ ቀስ ብለው። ቁርጠቱ በአንድ ቃል ተወላቸው፤ ተነሥተው አጥሚቱን ጨለጡት።

«አሁን ታዲያ የት አሉ፣ ልጄ?»

«ለምርመራው ተፈጭተዋል፣ ጋሼ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ወደኔ ዞረው፣ «ነፍስ ይማር ቢባል ኃጢአት ይሆን?» አሉኝ።

«የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ» አልኳቸው። የጠየቁ አይመስለኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አብሬያቸው ወረድኩ፤ ውሃው ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ለማን እንደጸለዩ አልጠየቅኳቸውም።