ትሬቨር ሲወጣ ጎል ይገባል

[ስካርቤክ፣ ሰሜን እንግሊዝ። የውድድር ዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ፣ ሁለተኛው አጋማሽ። ዜሮ ለዜሮ። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ ክላይቭ በብረት ምሰሶ አጠገብ ተቀምጦ አንገቱን ግራና ቀኝ ያሰግጋል። ከጎኑ ትሬቨር አለ፤ ክላይቭ ሃያ ዓመት ሲቆጣጠረው የኖረ ሾፌር።]

ክላይቭ፦ ታጠበ? ሻርፑ ታጠበ ነው የምትለኝ?

ትሬቨር፦ በሳሙና።

ክላይቭ፦ ስለ ሳሙናው ማን ጠየቀህ! ከነሐሴ ጀምሮ ውሃ እንዳይነካው አልተባባልንም?

ትሬቨር፦ ልጄ ናት አለቃ። እኔ ስገባ ውሻው ይወጣል አለችኝ።

ክላይቭ፦ ይውጣ! ውሻው ነው ከሊጉ የሚወርደው? ያ ሽታ እኮ ዘጠኝ ነጥብ ነበር! ዘጠኝ ነጥብ በባልዲ ደፍታብን አረፈች!

ትሬቨር፦ በማሽን ነው ያጠበችው።

ክላይቭ፦ [ሻርፑን ነጥቆ ያሸታል] ወይ ጉድ! አበባ አበባ ይላል። ሞት ሽረት በሆነ ቀን አበባ አበባ የሚሸት ደጋፊ! ተጫዋቾቹ ቢሸታቸው ምን ይላሉ?

ትሬቨር፦ አይሸታቸውም። እነሱ ዛሬ ጎሉ ጋ እንኳ መድረስ አቅቷቸዋል፣ እኔ ጋ ይደርሳሉ?

ክላይቭ፦ አትቀልድ! ካሸነፍን ተረፍን፣ አቻ ከወጣን ወረድን። አባቴ እዚህችው ወንበር ላይ አርባ ዓመት ተቀምጦ፣ ስካርቤክን በዚህ ሊግ ሳያያት ሞተ። እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቄ ዘንድሮ ወደዚህ ሊግ ወጣን። ገና ሳልጠግባት ልትሄድብኝ ነው፣ አንተ ልብስ ታሳጥባለህ!

ትሬቨር፦ አጥፍቻለሁ። እሺ ምን ላድርግ?

ክላይቭ፦ [ከደረት ኪሱ ትንሽ ደብተር ያወጣል፤ የተቆጣጣሪነቱ ዘመን ልማድ ነው] እዚህ ተጽፏል። በመጀመሪያው ጨዋታ ሽንትህ ይዞህ በሰማንያኛው ደቂቃ ወጣህ፤ በሰማንያ ሦስት ጎል። በሁለተኛው አውቶቡስ እንዳያመልጥህ ወጣህ፤ ጎል። በሦስተኛው የትም አልሄድም ብለህ ድርቅ አልክ፤ ባዶ።

ትሬቨር፦ ከዚያ ወዲያ አንተ ነህ የምታስወጣኝ።

ክላይቭ፦ እኔ ሳልሆን ደብተሩ ነው የሚያስወጣህ! ዘንድሮ በሜዳችን አሥራ አንድ ጎል አገባን። አሥራ አንዱም አንተ ከወጣህ በኋላ። ይህ አጋጣሚ ነው?

ትሬቨር፦ እኔ ምን አውቃለሁ? ሾፌር ነኝ።

ክላይቭ፦ ግን ዛሬ ሻርፑ ስለታጠበ ሰማንያኛው ደቂቃ አይበቃም። አሁን፣ በስድሳ አምስተኛው መውጣት አለብህ።

ትሬቨር፦ [ክላይቭ ተናግሮ ሳይጨርስ ተነስቶ ኮፍያውን አጥልቋል] እሺ።

ክላይቭ፦ ቆይ እንጂ! ትንሽ እንኳ አይከፋህም?

ትሬቨር፦ [ቶሎ ብሎ ፊቱን ያጨማድዳል] እንዴት አይከፋኝ! አንጀቴ እርር ነው የሚለው።

ክላይቭ፦ አይዞህ ወንድሜ። ያላዩት አገር አይናፍቅም። እኔ አይቼ እያንዳንዷን እነግርሃለሁ። መቼ አስቀርቼብህ አውቃለሁ?

ትሬቨር፦ ኧረ አስቀርተህ አታውቅም። ጨምረህልኝ ነው የምታውቀው።

ክላይቭ፦ ሂድ በል፣ ደቂቃው ሄደ!

ትሬቨር፦ አለቃ፣ የኔ ወንበር ባዶ ነው። ወደዚህ ጠጋ ብትልስ? ከዚህ ሜዳው ወለል ብሎ ይታያል።

ክላይቭ፦ ቦታ ልቀይር? ዛሬ? አብደሃል? የአባቴን ወንበር ጥዬ? ባይሆን ሻርፑን አስቀምጥበት፣ ማንም እንዳይቀመጥ።

[ትሬቨር ደረጃውን በሩጫ ይወርዳል። ለሰባ ሁለት ዓመት ሰው ያስደንቃል። ሰባ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ክላይቭ ስልክ ይደውላል።]

ክላይቭ፦ የት ነህ?

ትሬቨር፦ ውጭ ነኝ። ከጎሉ ኋላ፣ ዶሪን ፓይ የምትሸጥበት ጋ።

ክላይቭ፦ ጎበዝ። ከፊትህ ምን ይታይሃል?

ትሬቨር፦ [ጥቂት ያስባል] ቆርቆሮ።

ክላይቭ፦ ሌላስ?

ትሬቨር፦ ዝገት።

ክላይቭ፦ አንጀቴን በላኸው። ዝናቡስ እየመታህ ነው?

ትሬቨር፦ የለም፣ ዶሪን ከምድጃዋ አጠገብ ዱካ ሰጥታኛለች። ሲጋገር ሊጡ የተሰነጠቀ የስጋ ፓይ ካለ አይሸጥም ብላ ለኔ ትሰጠኛለች። እኔ ስመጣ ሁሌ የሚሰነጠቅ አይጠፋም። ብቻ ምን ያደርጋል፣ ኑሮ ከተባለ።

ክላይቭ፦ [ከኮፍያው ላይ ውሃ እያራገፈ] መስዋዕትነት ነው ትሬቨር። ክለቡ ይህን አይረሳልህም።

[ሕዝቡ ይጮኻል።]

ትሬቨር፦ ኧረ! ኧረ! ቋሚውን ላጠው!

ክላይቭ፦ ማን? የቱን? [ከፊቱ ባሉት ሰዎች ትከሻ ላይ ይንጠራራል] አዎ! ቋሚውን መታ! አየሁት! ... አንተ ግን እንዴት አወቅህ?

ትሬቨር፦ በድምፁ።

ክላይቭ፦ የቋሚ ድምፅ ትለያለህ?

ትሬቨር፦ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ብረት ሲመታ አይጠፋውም።

ክላይቭ፦ እሱስ እውነት ነው። የጋራዡን በር ስንቴ እንደመታኸው ደብተሬ ያውቃል።

ትሬቨር፦ አለቃ፣ አሁን ኳሷ እነማን ጋ ናት?

ክላይቭ፦ እኛ ጋ ነዋ! እያጠቃን ነው!

ትሬቨር፦ በረኛቸው አቅፏት የተኛ አይመስልህም?

ክላይቭ፦ [አንገቱን በምሰሶው ቀኝ ያሾልካል፤ በግራ ያሾልካል] ... ተኝቷል አልተኛም የሚለው በዳኛው ነው የሚወሰነው። አንተ ከውጭ ሆነህ አታምታታኝ!

ትሬቨር፦ ይቅርታ። የጫማው ክር የተፈታ መሰለኝ።

ክላይቭ፦ የማን ጫማ?

ትሬቨር፦ የ... የዶሪን። ዶሪን፣ ክርሽ ተፈቷል!

ክላይቭ፦ አይ ትሬቨር! እኛ እዚህ ነፍሳችን ልትወጣ ነው፣ አንተ የፓይ ሻጭ ጫማ ትቆጣጠራለህ። እግዜር ሲፈጥርህ ሐሳብ የለሽ አድርጎ ፈጠረህ፤ ታድለሃል።

ትሬቨር፦ ተመስገን ነው።

ክላይቭ፦ ስማኝ፣ ሰማንያ ስምንት ሆነ። ብንወርድ እንደገና ለመውጣት ሠላሳ ዓመት ቢፈጅስ? እኔ ሠላሳ ዓመት የለኝም ትሬቨር። አባቴ የሞተው እንዲህ ሲጠብቅ ነው።

ትሬቨር፦ [ድምፁ ለዘብ ይላል] አለቃ፣ ፈጣሪ ያውቃል። ወንበሬ ላይ ጠጋ በል፣ ልለምንህ። አንድ ክንድ ብቻ።

ክላይቭ፦ አይሆንም አልኩህ! ዝም ብለህ ውጭ ሁን! በደንብ ውጣ!

ትሬቨር፦ ከዚህ በላይ ከወጣሁ ቤቴ እገባለሁ።

[ኮርና ይሆናል። ጩኸት። ጸጥታ። ከዚያ ሰማይ የሚሰነጥቅ ጩኸት። ክላይቭ ምንም ሳያይ አጠገቡ ያለችውን የማያውቃትን ሴትዮ ያቅፋል።]

ክላይቭ፦ [ወደ ጆሮዋ] ማን አገባ?

[ስልኩ ወድቋል። የመጨረሻው ፊሽካ ይነፋል። ስካርቤክ ተረፈች። ክላይቭ ደረጃውን እየተንደረደረ ወርዶ ፓይ መሸጫው ጋ ይደርሳል። ትሬቨር ዱካ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፤ ጀርባው ለቆርቆሮ አጥሩ ነው።]

ክላይቭ፦ [እያለቀሰ] ተረፍን! ትሬቨር፣ ተረፍን እኮ! አባቴን! አይ ምን አመለጠህ መሰለህ! ተቀመጥ ልንገርህ!

ትሬቨር፦ ተቀምጫለሁ።

ክላይቭ፦ ዊትል ነው! ኳሷን ከሠላሳ ሜትር ተቀበላት። አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ። ከዚያ በግራ እግሩ ጠቅልሎ፣ ጠመዝማዛ፣ ከላይኛው ጥግ! በረኛው ቆሞ ነው ያጨበጨበላት!

ትሬቨር፦ በግራ እግሩ?

ክላይቭ፦ በግራ!

ትሬቨር፦ እኔ እኮ በመቀመጫው መስሎኝ።

ክላይቭ፦ ... ምን?

ትሬቨር፦ ዊትል ወድቆ ነበር። ሊነሳ እጁን ተክሎ ወገቡን ከፍ ሲያደርግ፣ ኳሷ መጥታ መቀመጫውን መታችና ገባች። እሱም የሰማው ጓደኞቹ ሲከመሩበት ነው። በረኛቸውም ያላዳናት የጫማውን ክር ረግጦ ስለተንሸራተተ ነው።

ክላይቭ፦ ማን ነገረህ?

ትሬቨር፦ [ከዱካው ተነስቶ የተላቀቀውን ቆርቆሮ በጣቱ ገለጥ ያደርጋል] እስቲ በዚህ እይ።

[ክላይቭ ጎንበስ ብሎ በቀዳዳው ያያል።]

ክላይቭ፦ መረቡ... መረቡ እዚሁ አፍንጫዬ ሥር ነው።

ትሬቨር፦ አዎ።

ክላይቭ፦ ከመቼ ጀምሮ?

ትሬቨር፦ ከአራተኛው ጨዋታ። በሁለተኛው አጋማሽ ሁሌ ወደዚህ ጎል አይደል የምናጠቃው? ብቻ አንድ ጊዜ ኳሷ ወደኔ መጥታ ሻዬን ልትደፋብኝ ነበር።

ክላይቭ፦ ታዲያ በየሳምንቱ እኔ ስተርክልህ አፍህን ከፍተህ የምትሰማኝ?

ትሬቨር፦ ደስ ይላላ! በጥቅምት ከመሬት ተነስቶ በመቀስ ምት ያገባውን ስትነግረኝ እኮ ልቤ ነው የቆመው። የእነሱ ተከላካይ በራሱ ላይ ያገባት ጎል ነበረች፤ አንተ ስትነግረኝ ግን ተዋበች። ቢራውም የምትጋብዘኝ አንተው ነህ። ምን ብዬ ላቋርጥህ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ክላይቭ፦ [ዱካው ላይ ዘፍ ይላል] ምሰሶው ነው ትሬቨር።

ትሬቨር፦ አውቃለሁ።

ክላይቭ፦ ልክ በመሃል ነው የቆመው። በዚያ በኩል የሚሆነውን ሕዝቡ ሲጮህ ነው የምሰማው። ሠላሳ አንድ ዓመት! ግን የአባቴ ወንበር ነው፣ እንዴት አይታይም ብዬ ልናገር? እሱ እኮ ቤት ሲገባ ለኔና ለእናቴ ኳሷ የዞረችበትን ሁሉ በማንኪያና በጨው ዕቃ... [ድንገት ይቆማል] ቆይ።

ትሬቨር፦ አለቃ?

ክላይቭ፦ አባቴም እዚያችው ወንበር ላይ ነበር።

ትሬቨር፦ ምሰሶውም ከእሱ በፊት ነው የተተከለው።

ክላይቭ፦ ያ ሁሉ ጎል! በጭንቅላት ከዚያ ማዶ የገባው! ያ በረዶ ላይ እየተንሸራተተ አራት ሰው ያለፈው!

ትሬቨር፦ ጥሩ ጎሎች ነበሩ።

ክላይቭ፦ [እየሳቀ ዓይኑን ያብሳል] አይ አባዬ! አይ ያንተ ነገር! ... ትሬቨር፣ እስቲ የዛሬዋን እንደገና ንገረኝ። እውነተኛዋን።

ትሬቨር፦ ኮርናው መጣ። ሁሉም ዘለለ፣ ማንም አልነካትም። ዊትል ተገፍቶ ወደቀ። ኳሷ ከአንዱ ጉልበት ተመልሳ መቀመጫውን መታችው። ከዚያ ስትገባ በጣም ቀስ ብላ ነው፣ ሰው ቤት በእንግድነት እንደምትገባ ሴትዮ። እኔና ዶሪን እዚህ እጅ ለእጅ ተያይዘን "ግቢ እናቴ፣ ግቢ" እንላት ነበር።

ክላይቭ፦ ገባች።

ትሬቨር፦ ገባች።

ክላይቭ፦ [ጉሮሮውን ይጠርጋል] ዶሪን... ሌላ ዱካ የላትም?

ትሬቨር፦ አላት።

ክላይቭ፦ እንግዲያው በሚቀጥለው ዓመት እኔም እዚህ...

ትሬቨር፦ አይሆንም አለቃ።

ክላይቭ፦ ለምን? ለሁለት ሰው ይበቃል እኮ!

ትሬቨር፦ ደብተርህን አውጣ። ዘንድሮ በሜዳችን ስንት ጎል አገባን?

ክላይቭ፦ ከዛሬው ጋር አሥራ ሁለት።

ትሬቨር፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳይቆጠሩ፣ እኔ አሥሩን ዓይኔን አፍጥጬ እያየሁ ነው የገቡት። ስለዚህ እኔ ማየቴ ጉዳት የለውም። አንተስ ስንቱን አየህ?

ክላይቭ፦ [ደብተሩን ያገላብጣል፤ የሚያገኘው የለም] ... አንድም።

ትሬቨር፦ ታዲያ ጎል የሚገባው እኔ ስለወጣሁ ነው፣ ወይስ አንተ ስላላየህ?

[ክላይቭ እርሳሱን ያወጣል፤ መልሶ ይከታል።]

ክላይቭ፦ ይህ... ይህ አጋጣሚ ነው!

ትሬቨር፦ አሥራ ሁለት ጊዜ?

ክላይቭ፦ [ደብተሩን ወደ ኪሱ እየከተተ] ከምሰሶው ጀርባ መቀመጥ አለብኝ ማለት ነው?

ትሬቨር፦ መስዋዕትነት ነው አለቃ፣ ክለቡ አይረሳልህም። ያላዩት አገር እንደሆነ አይናፍቅም። እያንዳንዷን እኔ አይቼ እነግርሃለሁ።

ክላይቭ፦ እውነቱን?

ትሬቨር፦ ቢራ ከጋበዝከኝ፣ የዊትልን በግራ እግሩ አደርግልሃለሁ።