የደረሰኝ ጉድለት

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ለመጀመሪያው እረፍት ስትመለስ፣ ጠጉሯን ባንድ በኩል ተላጭታ በሌላው በኩል ለቃው፣ «አክስቴ፣ ራሴን እየፈለግኩ ነው» አለችኝ። የት ጥለሽው ነው ልላት አሰብኩና ተውኩት። ወጣት በራሱ ጉዳይ ሲቀልዱበት አይወድም። ደግሞም ነገሩ እውነትነት አለው። ወላጆቻችን ቤት ሳለን ማን እንደሆንን የሚነግሩን እነሱ ናቸው፤ «እሷ እኮ ዝምተኛ ናት»፣ «እሱ እኮ ምሥጢር አይችልም» ሲሉ እየሰማን ያንኑ ሆነን እናድጋለን። ኮሌጅ ስንገባ እንዲህ የሚለን ሰው እናጣለን። ያኔ ነው ጭንቁ።

እኛ ግን ራሳችንን ለመፈለግ ብዙ አልደከምንም። ስብሰባ ነበረን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በኮሌጁ አዳራሽ እንቀመጣለን፤ ስማችን ይጠራል፤ ተነሥተን ጉድለታችንን እንናገራለን። ሂስና ግለ ሂስ ይባል ነበር። ሂሱ ሌላው ሰው ሲያዋርድህ ነው፣ ግለ ሂሱ አንተው ራስህን ስታዋርድ። በደርግ ጊዜ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ። ያልደረሳችሁበት ደግሞ ንስሐ ነው ብላችሁ አስቡት፤ ልዩነቱ ቄሱ አዳራሽ ሙሉ መሆኑና በመጨረሻ መጨብጨቡ ነው።

ታዲያ «ጉድለት የለብኝም» ማለት አይቻልም። ጉድለት የለብኝም ያለ ሰው ጉድለት ይፈለግለታል፤ ሲፈለግለት ምን እንደሚገኝበት ደግሞ አይታወቅም። በዚያ ዘመን ያልታወቀ ነገር እንዲገኝበት የሚፈልግ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ብልህ ተማሪ፣ ሕመምተኛ ሲጠየቅ ብርቱካን እንደሚያዝ ሁሉ፣ ትንሽ፣ ንጹሕ፣ ማንንም የማትጎዳ ጉድለት ይዞ ይሄዳል።

በእኛ መኝታ ክፍል ጉድለት አከፋፋይዋ ፀሐይ ነበረች። ፀሐይ የአርባ ምንጭ ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ወፍራም፣ ሳቋ ከሕንፃው ማዶ የሚሰማ። ያን ቅዳሜ ምሳ በልተን እንደተመለስን አልጋዋ ላይ ቆመች።

«ሰዓት አለማክበር የማን ነው?»

«የኔ!» አለች ከላይኛው አልጋ ያለችው ልጅ።

«ባለፈውም አንቺ ነሽ የወሰድሽው። ዛሬ ግለኝነትን ውሰጂ። ሳሙናሽን መቼ አበድረሽ ታውቂያለሽ?»

«አንቺ ላይ ስላለቀ ነዋ!»

ሳቁ ሲበርድ፣ «ለእኔስ?» አልኩ በቀስታ። እስከዚያ ቀን ተራ ደርሶኝ አያውቅም ነበር።

ፀሐይ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «አንቺ ደግሞ ምን ጉድለት አለሽ? አትናገሪ፣ አትስቂ፣ ሰው አትነኪ። ቆይ፣ ወንዶቹ ምን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ?»

«ምን ይሉኛል?»

«ኩሩዋ። ሰላም ሲሏት አፏን አትከፍትም ይላሉ። በቃ፣ ትዕቢትን ውሰጂ። ማንም አልያዘውም።»

«እኔ እኮ አፍሬ ነው!»

«ማፈር አያስጨበጭብም። ትዕቢት ውሰጂ አልኩሽ፣ ያምርብሻል።»

እንደ ቀሚስ።

ደብረ ብርሃን ነው ያደግኩት። እናቴ ያስተማረችኝ አንድ ትልቅ ትምህርት ቢኖር አንገት መድፋት ነው። «መንገድ ላይ ወንድ ሰላም ካለሽ አልሰማሁም ብለሽ እለፊ፣ አልሰማችም ብሎ ይተውሻል» ትለኝ ነበር። አዋሳ ስመጣ (ያኔ ከተማዋን የምንጠራት አዋሳ እያልን ነው) ይህን ትምህርት ከጋቢዬ ጋር ይዤው መጣሁ። ጋቢው በሙቀቱ ምክንያት ሻንጣ ውስጥ ቀረ። አንገቴ ግን እንደተደፋ ነበር።

ማቴዎስ የሚባል የክፍላችን ልጅ ነበር። የከተማው ተወላጅ ነው፤ አባቱ መናኸሪያው አጠገብ አናጢ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከቤቱ በእግሩ ይመጣና ክፍሉ በር ላይ፣ «እንደምን አደርሽ፣ ወይንሸት» ይለኛል። አማርኛው የሲዳማ ዜማ አለበት፤ ስሜን መሐሉ ላይ ትንሽ ይስበዋል። እኔ ስሜ እንደዚያ እንደሚያምር አላውቅም ነበር። መልሱን ከአልጋዬ ሳልወርድ አዘጋጀዋለሁ፤ ፊቴን ስታጠብ እለማመደዋለሁ፤ በሩ ጋ ስደርስ እንደ ጤዛ ይተናል። ጫማውን አይቼ አልፋለሁ። ያን ጫማ ከእናቱ የበለጠ አውቀዋለሁ።

እንግዲህ ስብሰባው ላይ ስሜ ተጠራ። ሰብሳቢያችን የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ በአዋሳ ሙቀት ጥቁር ካፖርቱን የማያወልቅ፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ የሚንጎራደድ ሰው ነበር።

«ጓድ ወይንሸት!»

ተነሣሁ። «ጉድለቴ ትዕቢት ነው» አልኩና ልቀመጥ ስል፣ «ምሳሌ!» አለ።

ይህን ፀሐይ አልነገረችኝም። ለካ ጉድለት ምሳሌ ይፈልጋል።

«ትዕቢቱ በማን ላይ ተገለጠ፣ ጓድ? በአጠቃላይ መታበይ የለም።»

ኮሌጅ ከገባሁ ጀምሮ የተዘጋው አፌ፣ እኔን ሳያማክር ተከፈተ። «በጓድ ማቴዎስ ላይ» አለ አፌ። «በየጠዋቱ ሰላም ይለኛል። አንድም ቀን መልሼለት አላውቅም።»

ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ ማቴዎስን አየው። ማቴዎስ ጫማውን አየ።

አሁን በዚህ ዕድሜዬ ሳስበው፣ ያ የፍቅር ቃል ነበር። ሰው ፍቅሩን በጨረቃ ይናገራል፣ በአበባ ይናገራል፤ እኔ በመፈክር ሥር ቆሜ፣ የኮሌጁ ተማሪ ሁሉ እየሰማኝ ተናገርኩ። ማንም አላወቀም። ስብሰባው ተወያየና ወሰነ፦ ጉድለቱ በወሬ ሳይሆን በተግባር እንዲታረም፣ ጓድ ወይንሸት እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ በየቀኑ ከጓድ ማቴዎስ ጋር እንድታጠና። የግራ እጆች ወደ ላይ ወጡ። እናቴ ሰላምታ የከለከለችኝን ሰው፣ አብዮቱ አብረሽው ዋዪ አለኝ። እኔ ከአብዮት ጋር ጠብ የለኝ፣ ታዘዝኩ።

በማግሥቱ ማቴዎስ ደብተሩን በብብቱ ይዞ መኝታ ክፍላችን በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። «መጣሁ» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ። «ታዝዤ ነው።»

«እኔም» አልኩት።

ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ሐይቁ ዳር፣ አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ሆነን ነበር የምናጠናው። የዚያን ጊዜ ነገር ሁሉ አሁን የሚታየኝ በውኃ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ነው። ጀምበር ከማዶው ተራራ ጀርባ ስትወርድ ሐይቁ መጀመሪያ ወርቅ፣ ቀጥሎ ጽጌረዳ ይሆናል፤ ከዚያ ቀለም አይባልም፣ ዝምታ ነው የሚሆነው። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ወደ ዓሣ ገበያው፣ ወደ አሞራ ገደል ሲቀዝፉ ድምፃቸው ከሰዎቹ ቀድሞ ይደርሳል። ራቅ ብሎ ጉማሬ፣ ሊናገር እንደተዘጋጀ ሽማግሌ፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ደብተሩ ጉልበታችን ላይ ተከፍቶ፣ አንድ ገጽ ላይ ሳምንት እንቀመጣለን።

እዚያ ነው ራሴን ያወቅኩት፣ ለእህቴ ልጅ ያልነገርኳት ይህን ነው። አንድ ቀን አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ አሞራዎች፣ ጥቁር ክንፋቸውን ወደኋላ አጣምረው በውኃው ዳር ተሰልፈው ቆመዋል።

«ምን እየሠሩ ነው?» አለኝ ማቴዎስ።

«ስብሰባ ላይ ናቸው» አልኩት።

«ሰብሳቢው የቱ ነው?»

«ያ ካፖርቱን ያላወለቀው።»

«ሁሉም እኮ አላወለቁም።»

«ስለዚህ ነዋ ስብሰባው የማያልቀው።»

ማቴዎስ ሳር ላይ ተንከባልሎ ሳቀ። በሕይወቴ ሰው አስቄ አላውቅም ነበር። ቤት እኔ ዝምተኛዋ ነኝ፤ ቀልደኛው ወንድሜ ነው፣ ቦታው ተይዟል። ለካ እኔም አስቃለሁ። ለካ ውኃ እወዳለሁ። ለካ ድምፄ፣ ሲወጣ፣ ደህና ድምፅ ነው።

እሱም በበኩሉ አፉን ዘግቶ የሚያንጎራጉራት ዜማ ነበረችው። የቤተ ክርስቲያናቸው መዝሙር እንደሆነች ገባኝ፤ በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ መዝሙር ተማሪ በተከፈተ አፍ አይዘምርም። ሰው ሲመጣ ያቋርጣታል። እኔ ስመጣ ማቋረጥ የተወ ቀን፣ ማንም ያልሰጠኝን ነገር የሰጠኝ መሰለኝ። በሲዳምኛም ሰላምታ አስተማረኝ። «ኬሬሆ?» ይለኛል፣ ሰላም ነው ወይ ማለት ነው። እመልስለታለሁ። በአማርኛ ያቃተኝ በሲዳምኛ ቀለለኝ፤ በሰው ቋንቋ የሚያፍር ሌላ ሰው ነው መሰለኝ።

ግን ያቺ ቃል በመካከላችን ተቀምጣ ነበር። ታዝዤ ነው። እሱ ታዝዛ ነው የምትመጣው ይላል፤ እኔ ታዝዞ ነው እላለሁ። አንድ ምሽት፣ ውኃው ጽጌረዳ በሆነበት ሰዓት፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «ስብሰባው ባያዝሽ ኖሮ ትመጪ ነበር?» አለኝ።

መልሱ አፌ ውስጥ ነበረ። «አንተስ?» አልኩት።

«እኔ ቀድሜ ጠየቅኩ» አለ።

ሁለታችንም ውኃውን አየን። እስኪጨልም አየነው።

ሴሚስተሩ አለቀና የመጨረሻው ቅዳሜ መጣ። ሰብሳቢው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ ሁሉንም እንደዚያ ነው የሚጠይቀው፦ ጉድለቱ ታርሟል ወይስ የማረሚያው ጊዜ ይራዘም? እኔ ደግሞ የምመልሰውን ወስኛለሁ። «ይራዘም» እላለሁ። አንዲት ቃል ናት። እሷን ካልኩ ማቴዎስ ይገባዋል፤ የሾላው ጥላም፣ የሚቀጥለው ሴሚስተርም፣ ምናልባት ከዚያ በኋላ ያለውም የእኛ ነው። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ተለማመድኳት። ይራዘም። ይራዘም።

«ጓድ ወይንሸት! ጉድለትሽ ታርሟል ወይስ ጊዜው ይራዘም?»

ተነሣሁ። ማቴዎስ ፊት ለፊት ካለው ረድፍ ዞሮ ያየኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ጫማውን ሳይሆን ዓይኑን አየሁት። ዓይኑም ያንኑ ቃል ይጠብቅ ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ እምላለሁ። አፌን ከፈትኩ።

ከኋላዬ አንድ ወንድ ለጎረቤቱ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። «ይህቺ ልጅ ትዕቢቱን ትታ እርማቱ ጣማት እኮ!»

ረድፉ ሁሉ ሳቀ። ከሁሉም በላይ ያ ከሕንፃ ማዶ የሚሰማው የፀሐይ ሳቅ። ክፋት የለበትም፣ ደስ ብሏት ነው የሳቀችው። ግን እናቴ ስትደፋው የኖረችው አንገቴ ቀስ እያለ ቀና ሲል ተሰማኝ።

«ታርሟል» አልኩ። «ሙሉ በሙሉ ታርሟል።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ማቴዎስ ከሁሉም በኋላ፣ ታዝዞ እንደሚያጨበጭብ ሰው፣ ቀስ ብሎ አጨበጨበ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ጉድለትንም የሚያወጣው ሳይሆን አይቀርም፤ ፀሐይ በዘፈቀደ ያደለችኝ ጉድለት ልክ የራሴ ሆኖ ተገኘ። ይሉኝታ ነው፣ ጨዋነት ነው ስለው የኖርኩት ነገር ውስጡ ሲገለጥ ትዕቢት ነበር፤ ሰው እንዲስቅብኝ ከምፈቅድ ሰው እንዳጣ የሚያደርግ ትዕቢት። ይህንንም ያወቅኩት በተጨበጨበልኝ ደቂቃ ነው።

በማግሥቱ ማቴዎስ አልመጣም። ምን ብሎ ይመጣል? ጉድለቱ ታርሟል። ክፍል በር ላይ «እንደምን አደርሽ» ይለኛል፤ እኔም «ደህና፣ እንደምን አደርክ» እለዋለሁ፤ ያልፋል። ሰላምታችን እንከን አልነበረበትም። ተመረቅን፤ እሱ ወደ አንዱ አገር ተመደበ፣ እኔ ወደ ሌላው። ደህና ሰው አገባሁ፤ ልጆች ወለድኩ፤ አልከፋኝም። ይህን ነገር ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሆድ ይፍጀው አልኩት፤ ሆዴም ጨዋ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የፈጀው።

ባለፈው የእህቴን ልጅ ሐዋሳ ያለው ዩኒቨርሲቲዋ ላደርሳት ሄጄ አሞራ ገደል ዓሣ ልትጋብዘኝ ወሰደችኝ። አባ ኮዳዎቹ እዚያው ናቸው፤ ስብሰባው አላለቀም። ቆመን ዓሣ ሲበለት እያየን ሳለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ፣ «ኬሬሆ?» አለ።

ሳላስበው በሲዳምኛ መለስኩ። ዞር ስል ጠጉሩ የነጣ፣ በፌስታል ዓሣ የያዘ ሽማግሌ። ዓይኖቹ ግን አላረጁም።

«ወይንሸት» አለኝ፣ ስሜን መሐሉ ላይ ስቦ። «አሁን እኮ ማንም ሳያዝሽ መለስሽልኝ።»

አያችሁ? በሩን እሱ ከፈተልኝ። ሰብሳቢ የለ፣ የሚያንሾካሹክ የለ፣ ፀሐይም የለች። «ያኔም ባያዙኝ እመጣ ነበር» ማለት ብቻ ነው። ምን ይጎዳል በዚህ ዕድሜ?

«ለምጄ ነው» አልኩት።

ሳቅ ብሎ አንገቱን ነቀነቀ። ስለ ልጆች ተጠያየቅን፣ ስለ ጤና ተጠያየቅን። ከዚያ የሐይቁን ዳር ይዞ ሄደ። ጥቂት እንደራቀ ያቺን ዜማ ሰማኋት፤ አሁን በተከፈተ አፍ ነበር።

«ማን ናቸው?» አለች የእህቴ ልጅ።

«የክፍሌ ልጅ።»

«ምነው ታዲያ ፊትሽ እንዲህ ቀላ፣ አክስቴ?»

«ሙቀቱ ነው» አልኳት።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ አዳራሹ እናንተ ናችሁ። ጉድለቴ ትዕቢት ነው። ምሳሌውን ሰምታችኋል። አልታረመም።

ጊዜው ይራዘምልኝ።