መምህር ላታሞ ዴስክቶፕ ሲቀይር

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሥራ ለመጀመር ሲዘጋጅ ዕድሜው የሚያልቅ ሰው አታውቁም? እኔ አውቃለሁ። እዚህ ሆሳዕና አብሮኝ የሚያስተምረው መምህር ላታሞ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ሊኑክስ የሚባለውን በነጻ የሚገኝ የኮምፒውተር ሥርዓት ጭኗል። ሊኑክስ ደግሞ ስትከፍቱት ዓይናችሁ ፊት የሚመጣውን ዴስክቶፕ በሙሉ እንደ ሸሚዝ እንድትቀያይሩት ይፈቅዳል። ይህን ለላታሞ መፍቀድ ለፍየል የጎመን ጓሮ ከመክፈት በምን ይለያል?

ሰኞ አንዱን ጭኖ "ይሄ ቀለል ይላል" ይለኛል። ሐሙስ ሌላ ጭኖ "ያኛው መልኩ አላማረኝም" ይላል። የተማሪዎቹን ፈተና ግን "የሚመቸኝን ሳገኝ እጽፈዋለሁ" እንዳለ የፈተናው ቀን ደረሰ።

ተማሪዎቹ ክፍላቸው ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ አበበች የፈተናውን ወረቀት ሊወስዱ ወደ መምህራን ክፍል መጡ። ላታሞ ምንም ሳይደነግጥ አዲሱን ዴስክቶፕ ከፈተላቸው። መስኮቶቹ እየተንሳፈፉ ይመጣሉ፣ እየተንሳፈፉ ይሄዳሉ። በመጨረሻ ፋይሉ ተገኘ። "የማጠቃለያ ፈተና" ይላል፤ ከሥሩ "ተራ ቁጥር አንድ" ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው።

"መምህር፣" አሉ ወይዘሮ አበበች፣ "እንዲብላላ የተቀበረ ቆጮ በየቀኑ እየተከፈተ ከታየ መቼ ሊበስል ነው?"

ጠመኔ ሰጡት። ፈታኙ እኔ ነበርኩና ተማሪዎቹ ጋ አብረን ገባን። ላታሞ ጥያቄዎቹን ከጭንቅላቱ እያወጣ ሰሌዳው ላይ ደረደራቸው፤ እመኑኝ፣ ግሩም ፈተና ነበር። ሰውዬው ታረመ ብዬ ደስ አለኝ።

ጽፎ ሲጨርስ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ሰሌዳውን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ጥቁሩ ዓይን ያደክማል፤ አረንጓዴ ብናደርገው ምን ይመስልሃል?"