የአያ ጓንጉል አነሣሥ

አያ ጓንጉልን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ጎረቤቴ ናቸው፤ እጅ እንነሣሣለን፤ ከዚያ በላይ ለመጠየቅ ድፍረቱ የለኝም። ብቻ ደብረ ታቦር ውስጥ እሳቸውን የማያውቅ ሰው ካለ ተጣልቶ የማያውቅ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ እስካሁን አልገጠመኝም።

በየሰፈሩ ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ በግ የሰው ገብስ ሲበላ የሚጠራ አንድ ሽማግሌ አለ። የእኛው ግን ከጋፋት እስከ ጉና ሥር የተፈሩ ናቸው። የሚያስፈራው ንግግራቸው አይደለም፤ «እኔ መቼም እሰማለሁ» ከማለት በቀር ብዙ አይናገሩም። የሚያስፈራው አነሣሣቸው ነው።

እኛ አገር ሽማግሌ በእርቅ መሐል ብድግ ካለ ጉድ ፈላ ማለት ነው። ተቀይሟል። ያስቀየመውን ሰው «ሽማግሌ የረገጠ» የሚል ስም ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። ክቡርነታቸው ደግሞ ነገሩ ገና ሲጦፍ ኩታቸውን ሰብስበው፣ ቃል ሳይተነፍሱ፣ ወደ ጓሮ ይወጣሉ።

«ኧረ በማርያም! አያ ጓንጉል ተቀየሙ!» ይላል አንዱ።

«አንተው ነህ ያስቀየምካቸው!» ይላል ሌላው።

ሲመለሱ ባላጋራዎቹ ተሳስመው ይጠብቋቸዋል።

እኔም እንደ ሰው ሁሉ ይህን ጥበብ ነው ብዬ አምን ነበር፤ አንድ ቀን መድኃኒት ቤት ከኋላቸው እስክሰለፍ ድረስ።

«ለአንድ ወዳጄ ነው» አሉ፣ ማዘዣውን ለባለመድኃኒቷ ለብርቱካን እየሰጡ።

ብርቱካን ማዘዣውን አየች፤ የተጻፈበትንም ስም አየች፤ ፈገግታዋን ዋጠች። «ወዳጅዎን ሽንት ቶሎ ቶሎ ያስቸግራቸዋል?»

«ቁጭ አያስብለውም። ሲሄድ ደግሞ ጠብ ጠብ ነው። ሐኪሙ ፕሮስቴትህ አብጧል አለው።»

«ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው፤ ማፈር የለባቸውም። ይችን ከእራት በኋላ እንዲውጧት ይንገሯቸው። ሲነሡ ቀስ ይበሉ፣ ታዞራለች። ቀጠሯቸውንም እንዳይዘሉ።»

ዞር ሲሉ እኔን አዩኝ። «ለወዳጄ ነው» አሉኝ ድጋሚ።

«እግዜር ይማረው» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

መድኃኒቱ ሠራ። ጣጣው የመጣው በመሥራቱ ነው። አያ ጓንጉል በእርቅ ላይ እንደ ድንጋይ ካብ ቁጭ አሉ፤ እሳቸው ቁጭ ሲሉ ጠበኞች ልብ አገኙ። ድሮ በአንድ መነሣት ያልቅ የነበረ የበግ ክርክር ሳምንት ከርሞ ባሰበት። «አያ ጓንጉል ደከሙ» ተባለ። እሳቸው ግን እንዲህ ጤነኛ ሆነው አያውቁም።

በዚህ መሐል የእህቴ የዝናሽ ባል ሞገስ የዘር ድንቹን ሳያማክራት ለወንድሙ ሰጠ። ዝናሽ ልብሷን ጠቅልላ እኔ ቤት መጣች፤ «ይፍታኝ!» እያለች። እህቴ ያለችውን የምታደርግ ናት። እኔ ደግሞ አስታራቂ ለመሆን ዓይናፋር ነኝ። ሞገስን አስጠርቼ አያ ጓንጉልን ለመንኳቸው።

መጡ፤ ተቀመጡ፤ ሰሙ። ረፋዱን ሙሉ ሰሙ።

«ከእሷ ጋር ከምኖር ከጅብ ጋር ብኖር ይሻለኛል!» አለ ሞገስ።

«ጅቡስ ይችልሃል?» አለች ዝናሽ። «በል ተነሥ፤ ፍርድ ቤቱ ቅርብ ነው!»

ሞገስ ጋቢውን አንሥቶ ትከሻው ላይ ጣለ። አለቀ አልኩ በልቤ።

ይኼኔ አያ ጓንጉል ተነሡ። እንደ ድሮው ብድግ አላሉም። መጀመሪያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ፣ ቀጥሎ ዱላቸው ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወገባቸው፣ በመጨረሻ አንገታቸው ቀና አለ። የባለመድኃኒቷን ምክር ለማያውቅ እንዲህ ያለ ዝግ ያለ ቁጣ የሚያስደነግጥ ነው። በሩን ከፍተው ወጡ።

ሞገስ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ተቀመጠ።

«አየሽ ያደረግሽውን?» አለ ሞገስ በሹክሹክታ።

«እኔ? አንተ ነህ እንጂ ጅብ ያመጣኸው!»

«እሺ፣ ጅቡን ትቼዋለሁ። ድንቹንም አስመልሳለሁ። ብቻ እሳቸው ይመለሱ።»

ተከትያቸው ወጣሁ። የመጸዳጃ ቤቱ በር ተከፍቷል፤ ውስጡ ማንም የለም። አያ ጓንጉል እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከባሕር ዛፉ ሥር ቆመዋል፤ ጆሯቸው ወደ ቤቱ ነው። ከውስጥ የዝናሽ ሳቅ ሲሰማ ትንፋሻቸውን በረጅሙ ለቀቁ፤ ለካ እሳቸውም ፈርተው ነበር። ሄጄ ጉልበታቸውን ብስማቸው ደስ ባለኝ፤ ዓይናፋርነቴ ያዘኝ። አፌ ግን ቀደመኝ።

«አያ ጓንጉል፣ እውነት ሽንትዎ መጥቶ ነው የተነሡት?»

ኩታቸውን አስተካከሉ።

«ብርድ ነው» አሉ፤ «እንግባ።»